የእኔ ኪኒን ለእማማ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መድኃኒት ነው፤ እኔው ራሴ ስላጠፋሁት ጥፋት ስለሆነ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ነገሩ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰሞን ነበርና ሃያ ሊትር ጀሪካን ከግቢ በር ወደ ማድ ቤት ሳነሣ ወገቤን ቀጥ አድርጎ ያዘኝ። ሐኪሙ መርምሮ ጡንቻው ተኮማትሯል አለኝና ጡንቻን የሚያላላ ዲያዚፓም አዘዘልኝ። ባለ አምስት ሚሊግራም ኪኒን፣ ማታ ማታ አንድ፣ ለአምስት ቀን። ብዙዎቻችን ዲያዚፓምን ለጭንቀትና ለሚጥል በሽታ እንደሚሰጥ እናውቃለን፤ የተኮማተረ ጡንቻንም ያላላል። የሚሠራው ግን በአንጎልና በአከርካሪ ነርቭ ላይ ስለሆነ፣ ወገብ ሲላላ ዓይንም ይከብዳል፣ እግርም ይሰንፋል።

በሁለተኛው ሌሊት ማግስት ሽሮ ጥጄ በተቀመጥሁበት አንቀላፋሁ። ባለቤቴ ጭሱ ሸቶት ሮጦ ገባ። “ምን ነካሽ?” ቢለኝ “ድካም ነው” አልሁት። ኪኒኑ ነው ማለት ለምን እንዳቃተኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ወገቤም ስለተሻለኝ ሦስቱን ኪኒን በቦርሳዬ አስቀመጥሁ።

በወሩ መጨረሻ ለአገልግሎት ወደ ደባርቅ ወጣን። ያሳደሩን እናት ዕድሜያቸው ከስልሳ አምስት ያለፈ ነው። “ልጄ፣ ይህ ወገቤ እንቅልፍ ነሣኝ” ሲሉኝ አንጀቴ ተላወሰ፤ ሦስቱን ኪኒን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሌላ ምን እንደሚወስዱ አልጠየቅሁም። ለካ ጉንፋን ይዟቸው ክሎርፌኒራሚን ወስደው ኖሯል፤ እርሱም ያስተኛል። ሌሊት ወደ ውጭ ሊወጡ ሲሉ ከድንጋይ ደረጃው ወደቁ፤ አንጓቸው ተሰበረ።

ጎረቤት “ወጌሻ ይጠራ” ሲል ባለቤቴ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሟ ምን እንደወሰዱ ስትጠይቅ እማማ ወደ እኔ አየት አደረጉና “ምንም፤ ጨለማው ነው” አሉ። ሊሸፍኑኝ ነው። “እኔ ሰጥቻቸዋለሁ” አልሁ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። በዕድሜ የገፋ ሰው አካል ዲያዚፓምን ቶሎ እንደማያስወጣ፣ ለወጣት ልክ የሆነው ለእርሳቸው እንደሚበዛ አስረዳችኝ። ስንመለስ ባለቤቴ ዳባትን እስክናልፍ አልተናገረኝም። በኋላ “የምትወስጂውን እኔ ካላወቅሁ ማን ይወቅልሽ?” አለኝ።

ስለዚህ እናንተ ባልና ሚስት፣ አንዳችሁ እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ሌላው ስሙንና ሰዓቱን ይወቅ። ባጃጅ ወይም መኪና የምትነዱ፣ ኪኒኑ ምን እንደሚያደርጋችሁ ሳታውቁ መሪ አትያዙ፤ ማታ የተወሰደው ጠዋትም ሊያደነዝዝ ይችላል። የሌሊት ጸሎት ካለባችሁም ለሐኪሙ ንገሩት። ከአልኮል፣ ከእንቅልፍ መድኃኒት፣ እንደ ትራማዶል ካለ ብርቱ ማስታገሻ ጋር ሲደራረብ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል፤ ቢቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹም የዘገየ ሰው ካያችሁ ይተኛ ብላችሁ አትተዉት፣ ፈጥናችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ የሆነች እኅትም አስቀድማ ትናገር፤ ዲያዚፓም በጡት ወተት አልፎ ሕፃኑን ያደክማል።

ጡንቻ የሚያላላው ዲያዚፓም ብቻ አይደለም። ቲዛኒዲን የሚባለው አለ፤ ይህ ለታይፎይድ ብዙ ጊዜ ከሚታዘዘው ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፣ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ሁለት ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው ሁለቱንም ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላልና መድኃኒቶቻችሁን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ለባለሙያው አሳዩ።

ደግሞ አንድ ነገር ልድፈር። ተጸልዮላቸው የተሻላቸው ወገኖች ኪኒናቸውን በዚያው ቀን ሲጥሉ አይቻለሁ። ባክሎፌንን፣ ወይም ለሳምንታት የተወሰደ ዲያዚፓምን በድንገት ማቋረጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ምስጋናችሁን ለጌታ አቅርቡ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስቀንሳችሁ።

ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ ኪኒን አያስፈልገውም። ሙቅ ውኃ በላስቲክ መያዝና አቅም በፈቀደ መጠን መንቀሳቀስ ብዙ ይረዳል፤ ለቀናት መተኛት ያብሳል እንጂ አያሽልም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም የማነሣበትን መንገድ የተማርሁት ከፊዚዮቴራፒስት ነው፦ ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ አካል አስጠግቶ። እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ግን ያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።

የቀሩት ኪኒኖች የት ደረሱ ለምትሉ፦ ከደባርቅ ልንነሣ ስንል እማማ በደህናው እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ እንድፈታ አሳዩኝ። ሁለቱ ኪኒን በወረቀት ተጠቅልለው ነበር። ጎንደር ስገባ ለመድኃኒት ቤቱ መለስኋቸው።