ፓይተንና አርን በምን እናገናኛቸው?

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዎቼ በኢንቦክስ ደጋግማችሁ ጠየቃችሁኝ፦ «መምህር፣ ዳታውን በፓይተን አጽድቼ ትንተናውን በአር ልሠራ ነው። አርፓይቱ ይሻላል ወይስ ሬቲኩሌት?»

እኔን ካላችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሁለቱም ይቅርባችሁ። ፓይተኑ ፋይል ይጻፍ፣ አሩ ያንብብ። በቃ።

አርፓይቱ አርን እዚያው ፓይተን ውስጥ ነው የሚያስነሳው። ሲሠራ ደስ ይላል፤ ግን አንዱን አፕዴት ስታደርጉ ሌላው ሊያኮርፍ ይችላል፣ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ገና ሲጫን ነው መከራ የሚያበላው። ሬቲኩሌት የተገላቢጦሽ ነው፣ ከአር ሆኖ ፓይተንን ይጠራል። ውሏችሁ አርስቱዲዮ ላይ ከሆነ አልከራከርም።

ፋይሉ ግን ሲኤስቪ እንዳይሆን! ይቺን በራሴ ላይ ነው የተማርኳት። የክልል ኮዴ በጽሑፍ መልክ ነበር፦ ትግራይ «01»፣ አማራ «03»፣ ኦሮሚያ «04»፣ አዲስ አበባ «14»። ሲኤስቪ ደግሞ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ ለይቶ አይመዘግብም። አር ቁጥር መስሎት ዜሮዋን በላት፣ «04» 4 ሆነች። ከሌላው ሰንጠረዥ ጋር በመርጅ ሳጣምረው በዜሮ የሚጀምሩት ክልሎች በሙሉ ያለ አንዲት ኤረር ጠፉ። ጋምቤላ፣ ሐረሪ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ቀሩልኝ። ሞዴሉ ሮጠ፣ ውጤቱም ያምር ነበር! «የኢትዮጵያ ቤተሰቦች» ብዬ መጻፍ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ናሙናው ምነው አነሰ ብዬ ባላይ ኖሮ...

ስለዚህ ፓርኬት ተጠቀሙ። የዓምዱን ዓይነት ከዳታው ጋር ይዞ ይሄዳል፤ ፓይተን በፓንዳስ ይጽፈዋል፣ አር በአሮው ጥቅል ያነበዋል። ካጣመራችሁ በኋላም ከሞዴሉ በፊት ረድፍ ቁጠሩ፣ በየክልሉ።