ሸራ ጣራ መኪና የሚገዛ ዘንዘልማ ድረስ ነድቶ ይግዛ

በአሮጌ መኪና ገበያ ዋጋ የሚወጣለት የሚታየው ነገር ነው። ቀለሙ፣ ቸርኬው፣ የወንበሩ ልብስ፣ የሞተሩ አነሳስ ይታያል። ደላላው የሚያወራው ስለእነዚሁ ነው፤ ገዢውም የሚከራከረው በእነዚሁ ላይ ነው። ጣራው የሚታጠፍ ባለሸራ መኪና ግን ሁለት የማይታዩ ዕዳዎች አሉት፤ ሙቀትና ጫጫታ። ሁለቱም በሽያጭ ውሉ ላይ አይጻፉም። ሒሳባቸው ግን ከገዢው ኪስ መውጣቱ አይቀርም።

ነገሩ ቀድሞ የጥቂት መኪና ወዳዶች ጨዋታ ነበር። ዛሬ የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለባቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ቮልስዋገንም ሆነ ላንድሮቨር በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል፤ የማይተካ ንብረት ደግሞ መታደስ አለበት።

ለመሆኑ የእድሳቱ ገንዘብ የት እየዋለ ነው? በአብዛኛው ለቀለም፣ ለቸርኬና ለድምፅ ማጉያ ነው። መኪናው ፎቶ ላይ ያምራል። ተከራዩ ግን ፎቶው ውስጥ ሳይሆን መኪናው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አበው "የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ" የሚሉት ይህንኑ ነው።

የእኩለ ቀኑ ፈተና

ባሕር ዳር ውስጥ ደላላ መኪና የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በጠዋት፣ በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር፣ በዝግታ እየነዳ ነው። በዚህ ዓይነት ማንኛውም መኪና ዝምተኛና ቀዝቃዛ ይመስላል። የገበያው እውነት ያለው በ6 ሰዓት፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ፣ በወረታ መንገድ ወደ ዘንዘልማ ሲነዳ ነው። መንገዱ ሲከፈትና ፍጥነቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ ጎማው ከሞተሩ በላይ ይጮኻል፤ ሸራው መርገብገብ ይጀምራል፤ ከወለሉ ሙቀት ይወጣል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ እስኪደርስ ድረስ ጮክ ብሎ ሳይናገር ከሻጩ ጋር መነጋገር የቻለ ገዢ ጥሩ መኪና አግኝቷል። ያልቻለ ገዢ ደግሞ የዋጋ መደራደሪያ አግኝቷል።

የሰዓቱ ምርጫ ያለምክንያት አይደለም። በሚያዝያ 12 ገደማ ፀሐይ በእኩለ ቀን በባሕር ዳር አናት ላይ ትቆማለች። ስለዚህ ትልቁን ሙቀት የሚቀበለው የጎን መስታወቱ ሳይሆን ጣራው ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅት የሚውለውም በዚያው ሰሞን ነው። ባለመኪናው ብዙ ገቢ በሚያገኝበት ወር ሙሽራዋ ብዙ ታልበዋለች ማለት ነው። በተጨማሪም በአሜሪካ የስታንፎርድ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል፤ አብዛኛው ጭማሪ የሚመጣውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ማድረግ ብዙ አይረዳም።

ለሙቀት መፍትሔው ከጣራው ይጀምራል። ጥቁር ሸራ ሙቀት ይሰበስባል፤ ነጣ ያለ ሸራ ብርሃኑን ይመልሳል። ከሸራው ሥር አየር የሚዘዋወርበት ጣት የሚያህል ክፍተት ትቶ ኮርኒስ መስፋት ከማናቸውም ጌጥ ይበልጣል። የአሉሚኒየም ልባድ የሚያስገባም ቢሆን ክፍተቱን መርሳት የለበትም። አሉሚኒየም በሁለት ጨርቅ መካከል ተጣብቆ ከተሰፋ ሙቀቱን መመለሱ ቀርቶ ያስተላልፋል።

ጩኸት እንደ ብር አይደመርም

ነጋዴ የሚያውቀው መደመር ለድምፅ አይሠራም። እያንዳንዳቸው 80 ዴሲቤል የሚጮሁ ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ 160 ሳይሆን 83 ይሆናሉ። በአንጻሩ ከሁለት እኩል ጩኸቶች አንዱን ያጠፋ ሰው ያተረፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮም ይህን ልዩነት እምብዛም አያስተውለውም። "ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ" የሚያሰኘው የ10 ዴሲቤል ያህል ቅናሽ ነው። በዚህም የተነሳ ትልቁን ጩኸት ትቶ ትንንሾቹን የሚያሳድድ ባለመኪና ገንዘቡን ይጨርሳል እንጂ ዝምታ አይገዛም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የተቀደደ ማርሚታና ዕድሜ ያደረቀው ጎማ ይቀየራሉ። ቀጥሎ ቀዳዳ ይደፈናል፤ የበር ጎማ፣ የፔዳልና የሽቦ ማለፊያዎች፣ ከሞተሩ የሚለየው ግድግዳ ስንጥቆች። ግድግዳው ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከስፋቱ 1 በመቶው ክፍት ከሆነ ከ20 ዴሲቤል በላይ ሊከላከል አይችልም። ቀዳዳ መድፈን ርካሽ ነው፤ ሙቀትንም ጩኸትንም በአንድ ወጪ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚንቀጠቀጠው ላሜራ ላይ ከባድ የጎማ ልባድ ይለጠፋል። ሁሉንም መሸፈን አያስፈልግም፤ የላሜራውን መሐል ሩብ ያህል መሸፈን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ሞኬትና ለስላሳ ነገር የመጨረሻዎቹ ናቸው። አንዳንድ ጋራዦች ለቤት ጣራ የሚሠራውን ሬንጅ መለጠፍ ይቀናቸዋል። ሬንጅ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ተራ ስፖንጅ ደግሞ የክረምቱን ውሃ ይዞ ወለሉን ያዝገዋል።

ለሹፌሩ ይህ የምቾት ብቻ ጉዳይ አይደለም። የሥራ ጤና ባለሙያዎች ለ8 ሰዓት የሚፈቅዱት 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ጥናት ጣራቸው ተከፍቶ በአውራ ጎዳና ፍጥነት የተነዱ መኪኖች ከዚህ መጠን ሊያልፉ እንደሚችሉ አሳይቷል። መስኮት መዝጋት ጩኸቱን ይቀንሰዋል።

ገበያው ከሠርግ መኪና ይሰፋል

አንዳንዶች የቮልስ ጩኸት ውበቱ ነው፣ መኪናው መነካካት የለበትም ይላሉ። አባባላቸው ግማሹ እውነት ነው። የማርሚታው ድምፅ የመኪናው ጠባይ ነው፤ የበሩ መንኳኳትና የሸራው መርገብገብ ግን የጥገና ጉድለት ነው። ሥራው ላሜራ ሳይበሳ፣ የቀድሞው ዕቃ ሳይጣል ከተሠራ የመኪናውን ዋጋ አይቀንስም።

ሌሎች ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉን የመታው ግጭት ጎብኚና ድግስ ባሳሳበት ጊዜ ይህ ቅንጦት ነው ይሉ ይሆናል። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ከሠርግ መኪናው ውጭ ያለውን ገበያ ማየት ይገባል። ባጃጅም ባለሸራ ጣራ ነው፤ ሞተሩም ከተሳፋሪው ወንበር በስተኋላ ነው። የሸራ መርፌ ይዞ ቮልስ ያቀዘቀዘ ታፒሴሪያ ባጃጅንም ማቀዝቀዝ ይችላል። ዋጋው ያንሳል፤ ደንበኛው ግን ይበዛል።

ባለሀብቱም የሚያስብበት ነገር አለ። ከውጭ የሚመጣው የድምፅ መከላከያ በዶላር የሚገዛ ነው። የዓለም የመኪና ፋብሪካዎች ግን ከጥጥና ከጨርቅ ብጣሽ የተዳመጠ ወፍራም ልባድ ከሞኬት ሥር ሲጠቀሙ ኖረዋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባላት ባሕር ዳር ብጣሽ ጥሬ ዕቃ እንጂ ብርቅ ዕቃ አይደለም። እሳትና እርጥበት እንዲቋቋም አድርጎ የሚያዳምጥ አነስተኛ ድርጅት ታፒሴሪያዎችንና ጋራዦችን ደንበኛ ሊያደርግ ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ገዢው መብቱን ይጠቀም። ጣራው ተዘግቶም ተከፍቶም፣ በእኩለ ቀን፣ ዘንዘልማ ደርሶ መመለስ የድርድሩ አካል ይሁን። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን ሰጥቷል።