ሸረሪቷን ለቀቅ፣ በሶውን ጠበቅ!

ስማ ወንድሜ፣ ስሚ እህቴ! ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት ከልጆቿ ጋር የሠራችውን የሃሎዊን ሸረሪት ለጠፈች ብለን «ባንዳ» አልናት። በኦሬዮ ብስኩት ላይ ስምንት እግር መሰካት፣ እሳት እንኳ የማይነካ የልጅ ጨዋታ፣ ባንዳነት ሆነ?

ሃሎዊንን አሜሪካ ያስገቡት እኮ የአየርላንድና የስኮትላንድ ስደተኞች ናቸው። ስደተኞች! በዓላቸውን ከልጆቻቸው ጋር አከበሩት፣ ጎረቤቱም ለመደው። እኛስ? አገራችን ላይ ተቀምጠን ሆያ ሆዬ የሚለውን ልጅ «እግዜር ይስጥህ» ብለን ከበር እንመልሳለን።

ጭኮም ኦቭን አይፈልግም። በሶ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ጨው ጣል፣ ከዚያ የልጅ እጅ ይለውሰው። በቃ! መቼ ነው ከታናሽህ ጋር የለወስከው? እኔ ዲግሪዬን ሰቅዬ ቤት የዋልኩት እንኳ አንድ ቀን አልሞከርኩም፤ ኮመንት ላይ ግን አንደኛ ነበርኩ።