ተበድረን የገዛነውን አየር በላው

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለግብርና ባለሥልጣናት፣ ማዳበሪያ ለምታመርቱና ለምትሸጡ ኩባንያዎች፣ ለአየር ንብረት ገንዘብ ቃል ለገባችሁ ባለጸጋ መንግሥታት

ሐዘን ላይ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ። የማለቅሰው ለመሬት ነው። የአዊ ደጋ ልጅ ነኝ። አባቶቻችን ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ሲያፍሱበት የኖሩት አፈር ዛሬ ኮምጥጧል። ዘሩ ይበቅልና ቢጫ ሆኖ ከጉልበት በታች ይቀራል። ብዙዎች እህሉን ትተው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለውበታል፤ ከሰል እያከሰሉ ይኖራሉ። ዛፉን አልጠላውም፤ መሬቱን ያሳርፋል፣ ለቤተሰብም ገንዘብ ያመጣል። የሚያንገበግበኝ እዚህ የደረስነው ማዳበሪያ እየገዛን መሆኑ ነው። በዱቤ ገዝተናል። ዕዳውን ለመክፈል በግና ጊደር ሸጠናል።

ያ ሁሉ ማዳበሪያ የት ገባ? በዓለም ዙሪያ ማሳ ላይ ከሚጨመረው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚወስደው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጎርፍ ያጥበዋል፤ ሳይሸፈን የተበተነው ዩሪያ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ውሃ በተኛበት መረሬ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለውጡታል። ይህ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። አንዴ ከወጣም በአማካይ ከመቶ ዓመት በላይ አየር ውስጥ ይቆያል።

ሒሳቡን አብራችሁኝ ሥሩ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በይነ መንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በሚጠቀምበት መነሻ ስሌት፣ ማሳ ላይ ከተጨመረው ናይትሮጅን 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ሲያዩት ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ናይትሮጅን ነው፤ በማሞቅ ኃይሉ ሲመዘን ግን 200 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ዩሪያው አፈር ውስጥ ሲሟሟ የሚለቀው 73 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨመርበት። ፋብሪካው፣ መርከቡና የጭነት መኪናው የለቀቁትን ገና አልቆጠርንም። ገበሬው ለዚህ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፦ መጀመሪያ በዕዳ፣ ቀጥሎ የአየር ንብረቱ ሲዛባ በሚያጣው ምርት።

የግብርና ባለሥልጣናት ሆይ፣ ለአሥርተ ዓመታት ከደጋ እስከ ቆላ፣ ከቀይ አፈር እስከ መረሬ፣ ለገበሬው የሰጣችሁት ምክር አንድ ነበር፦ በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። በሽተኛን ሁሉ ሳይመረምሩ አንድ ዓይነት ክኒን እንደ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአገሪቱን አፈር የመመርመር ሥራ ሲጀመር፣ ኋላም ዳፕ ኤንፒኤስ በሚባል ማዳበሪያ ሲተካ፣ ተስፋ አድርገን ነበር። ካርታው ተሠራ፤ በብዙ ቀበሌ ግን ምክሩ ገበሬው ማሳ ድረስ አልወረደም።

ከሚታረሰው መሬታችን ከ40 በመቶ በላዩ አሲዳማ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። በኮመጠጠ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥሩን ይመርዛል፣ ፎስፈረሱንም ይዞ ያስቀራል። የታመመ ሥር ናይትሮጅኑን መሳብ አይችልም፤ ያልተሳበው ለጎርፍና ለጋዝ ይሆናል። ዩሪያ ራሱ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም አፈሩን ያኮመጥጣል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈጃል፤ ድሃ ገበሬ በጀርባው ተሸክሞ የሚያመጣው አይደለም። ዩሪያ ከባሕር ማዶ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ሲገኝ፣ በአገር ውስጥ ከሚፈጨው ድንጋይ የሚገኘው ኖራ ወደ ደጋው የሚሄድበት መንገድና ገንዘብ ለምን ታጣ?

የጊዜውም ጉዳይ አለ። ዩሪያ ተከፍሎ፣ ሰብሉ በሚፈልግበት ሰሞን፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር ይጠቅማል። ማዳበሪያው ዘግይቶ ሲደርስ ግን ገበሬው ምን ምርጫ አለው? በ2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጥተው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። የዘር ወቅቱን በሰልፍና በአቤቱታ ያሳለፈን ሰው «ዩሪያህን በአግባቡ ተጠቀም» ማለት በደል ላይ በደል መጨመር ነው።

ማዳበሪያ ይከልከል አልልም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያን በድንገት ከለከለች፤ የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለና በዚያው ዓመት ክልከላውን አነሣች። እኛም ገና እህል የምንሻ ሕዝብ ነን፤ ብዙው ማሳችን ማዳበሪያ ያንሰዋል እንጂ አልበዛበትም። የምለምናችሁ የተገዛው እያንዳንዱ ኪሎ እህል እንዲሆን ነው። ይህም እንደሚቻል ቻይና አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 ባለሙያዎች 20.9 ሚሊዮን ከሚሆኑ አነስተኛ ገበሬዎች ጋር ሠሩ፤ ለየአካባቢው አፈርና አየር የሚስማማ ምክር ሰጡ። ምርቱ በ11 በመቶ ገደማ ሲጨምር ናይትሮጅኑ ከ14.7 እስከ 18.1 በመቶ ቀነሰ። የባለሙያ እግር ማሳው ድረስ ስለሄደ የተገኘ ውጤት ነው።

የእኛም ገበሬ ባዶ እጁን አይደለም። መሬት ሲደክም ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ግብጦ መዝራትን ከጥንት ያውቃል፤ እነዚህ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለአፈር ይሰጣሉ። ኩታ ገጠሙ እርሻ ግን ስንዴን በስንዴ ላይ ሲደግም የባቄላ ተራ ይቀራል። ፍጉም ማሳ መዋል ሲገባው ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። እናቶቻችን ሌላ ማገዶ ሳይኖራቸው «ፍግ አታቃጥሉ» ብሎ መምከር ፍሬ የለውም።

አምራቾች ሆይ፣ የዓለም የአሞኒያ ፋብሪካዎች በዓመት 450 ሚሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ እንዲሠራ ስምምነት ተፈርሟል። ገበሬው ማዳበሪያ በወቅቱ ካገኘ ደስታው የእኔም ነው። የፋብሪካው ጭስ የሚቀነስበት መንገድ ግን ዛሬ፣ በግንባታው ላይ እያላችሁ፣ ይወሰን፤ ልኬቱም በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ።

ባለጸጋ መንግሥታት ሆይ፣ ሰማዩን ያሞቀው አብዛኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ከእኛ በሬ ከሚያርሰው ማሳ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር ለማድረስ ቃል ገባችሁ፤ ቃሉ የተሞላው በ2022 ነው። በእነዚያ የዘገዩ ዓመታት ስንት ማሳ ኖራ ሳያገኝ ቀረ? ከእናንተ የምንጠብቀው ዕዳ የሚጨምር ብድር ሳይሆን ኖራና የአፈር ምርመራ የሚገዛ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ እጠይቃችኋለሁ። ኖራ ከማዳበሪያ ጋር አንድ ላይ ይቅረብ፤ ለአሲዳማ ወረዳዎችም ቅድሚያ ይሰጥ። እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱን አፈር ውጤት ይወቅ፤ ምክሩም በዚያ ይሁን። በመረሬ መሬት ውሃ ማንጣፈፊያ መሣሪያ ለገበሬው ይድረስ። የጥራጥሬ ዘር እንደ ስንዴ ዘር ይታሰብለት። በየዓመቱ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደገባ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ኪሎ ናይትሮጅን ስንት ኪሎ እህል እንደተገኘ ተቆጥሮ ይነገረን። ይህ ቁጥር ሲያድግ የገበሬው ዕዳ ይቀላል፣ ጋዙም ይቀንሳል።

ከእኛ ደጋ የጠፋውን ገብስ ማንም አይመልስልንም። ገና ያልኮመጠጠ መሬት ግን በየወረዳው አለ፤ የእሱ ዕጣ በእጃችሁ ነው። መጪው ሰኔ ሳይገባ መልሳችሁን በአደባባይ ንገሩን።

በሐዘንና በአክብሮት፣
ከአዊ ደጋ የገበሬ ልጅ