«ኦሪጂናል ነው፣ ሲስተር!»

ለዛሬ ስለ ልጆች ሳል እንደምጽፍ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ለሳምንት ይቆየን። ቅዳሜ ዕለት በግቢያችን የሆነው ነገር አላስተኛ ስላለኝ ስለ ቮልስዋገን ላውራችሁ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቶልን ያለፈው እ.ኤ.አ. የ1965 ቮልስ ሸራ ለብሶ ዓመታት ቆሟል። ሦስቱም ልጆቼ ከተወለዱበት ሆስፒታል ወደ ቤት የገቡት በእሱ ነው። ዘንድሮ የበኩር ልጄ «እንደ ጥንቱ አድርጌ አስነሣዋለሁ፤ አንዲት ብሎን እንኳ ኦሪጂናል ያልሆነች አትገባም» ብሎ ተነሣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ መዋል ጀመረ።

መጀመሪያ ገንዘቡን በከንቱ በላ። የፓውዛ መስታወት ገዝቶ መጣ፤ አልገጠመም። ለካ እስከ 1967 አጋማሽ የተሠሩት ፓውዛቸው ከፓራፋንጎው ጋር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን ቀጥ ብሎ የቆመ። አምፖል ገዛ፣ 12 ቮልት ሆነ፤ የእኛ መኪና 6 ቮልት ነው። ኋላ ላይ ቁጥር ማንበብ ተማረ። ከኋላ ወንበር ሥር የተመታው የሻንሲ ቁጥር በ115 ይጀምራል፤ ሦስተኛዋ አኃዝ የ1965 ሞዴል መሆኑን ትናገራለች። በመለዋወጫው ላይም ቁጥር አለ። መካከለኛዎቹ ሦስት አኃዞች በ8 ከጀመሩ የገላ ዕቃ ነው፣ በ9 የኤሌክትሪክ፣ በ6 የጎማና የፍሬን። ይህን ካወቀ ወዲህ ሻጭ አላታለለውም። ፓራውልቱን፣ የበር እጀታውን፣ የፍሬቻውን መስታወት አንድ በአንድ ለቅሞ አመጣ። እኔም ደስ አለኝ፤ ብረትና መስታወት ቢያረጁም አይከፉም።

ቅዳሜ ግን ቀለሙ የለቀቀ የካርቶን ሳጥን ታቅፎ ገባ። የጀርመን ጽሑፍ ያለበት፣ ከተሠራ ጀምሮ ያልተነካ የፍሬን ሸራ! መካኒካችን ከልጄ ብሰው ተደሰቱ። «ኦሪጂናል ነው፣ ሲስተር! ዛሬ ይኼ ከየት ይገኛል?» አሉኝ። ከዚያ ጎማውን ፈትተው፣ የድራሙን አሮጌ አቧራ በኮምፕሬሰር ሊነፉት ሆነ። የልጅ ልጄ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል። አቧራው ቦነነና ፀጉሩ ላይ አረፈ። እንዴት እንደጮህኩ ጎረቤት ይመስክር።

የድሮ ፍሬን ሸራ የሚሠራው ከአስቤስቶስ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ጀርመን አስቤስቶስን የከለከለችው በ1993 ነው፤ እንግዲህ የ60ዎቹ ሸራ እውነተኛ ኦሪጂናል ከሆነ አስቤስቶስ እንዳለበት መገመት ይገባል። ብናኙ ዓይን የማያየው ጭረት ነው፤ ሳንባ ውስጥ ይሰካና አይወጣም። ሳንባን ያደርቃል፣ ካንሰርም ያመጣል፤ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 ከ30 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቀን የተነፈሰው ልጅ ይታመማል ማለቴ አይደለም። አደጋው በተደጋገመ ቁጥር ይጨምራል፤ ልጅ ግን ከፊቱ ረጅም ዕድሜ አለው። በሥራ ልብስ ወደ ቤት በገባ አቧራ ሚስትና ልጆች የታመሙበትም አለ።

ልጁን አጠብነው፣ ልብሱን ለብቻ ነከርነው። ድራሙን በሳሙና ውኃ አርሰን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግነው፤ ጨርቁን በላስቲክ ቋጠርን። መጥረጊያ አይነካውም፣ ተራ የአፍ መሸፈኛም አያስጥልም። አዲስ፣ «ከአስቤስቶስ ነፃ» የሚል ሸራ አሜሪካ ያለችው ልጄ በሻንጣ ትልካለች። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ሲመረት ስለኖረ አዲስ መለዋወጫ ብርቅ አይደለም። የፍሬንና የቤንዚን ጎማ ቱቦም አሮጌ አይገባም ብያለሁ። ጎማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይሰነጠቃል፤ የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ቱቦው ቤንዚን ካንጠባጠበ የሚነደው ልጆች ከሚቀመጡበት ወንበር ጀርባ ነው።

ልጄ አኩርፏል። ሳጥኑን አልጣልኩበትም፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ቆልፌበታለሁ።

መካኒኩ ሳቁብኝ። «እኔ 40 ዓመት ስነፋው ኖሬ ይኸው አለሁ፣ ሲስተር» አሉ። ይህን ሲሉ ሁለቴ ሳሉ። «ዳገት ላይ እንዴት ነዎት፣ ጋሼ?» ብላቸው ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ካለፈው ክረምት ወዲህ የቤታቸውን ደረጃ ሳያርፉ እንደማይወጡት ነገሩኝ። የደረት ራጅ ተነሥተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አያውቁም። ሐሙስ ጠዋት አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።