ስበትን ሸምድደናል፤ ለክተነዋል?

ትንሹ አቃቂ ንፋስ ስልክ ላፍቶን አቋርጦ ወደ አባ ሳሙኤል ቍልቍል ሲወርድ «ምን ይስበዋል?» ብንባል «ስበት፣ 9.8» ብለን ፈተናውን እናልፋለን። ነገር ግን 9.8 ቍጥር እንጂ ምክንያት አይደለም። ያውም የእኛ ቍጥር አይደለም፤ ለምድር ወገብ የቀረብን፣ ከባሕር ወለልም ከ2,200 ሜትር በላይ የምንኖር ስለ ሆንን፣ የእኛው 9.77 ገደማ ነው።

ኒውተን ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1687 ጻፈ፤ ምክንያቱን እንዳላገኘ ግን በ1713 እትሙ ሳያፍር ገለጠ። አይንሽታይን በ1915 «ቁስ አካል ቦታንና ጊዜን ያጎብጣል፤ ስበት ማለት ይኸው ጉብጠት ነው» ብሎ አስረዳ። እንግዲህ ከላፍቶ ጠጠር እስከ ሩቁ ኮከብ፣ ቁስ አካል ባለበት ሁሉ ስበት አለ። ቁስ አካል ስለ ምን ያጎብጣል? ይህ ዛሬም ጥያቄ ነው።

ታዲያ እኛስ? እስከ ጠጠሩ መካከል አንድ ሜትር የሆነ ክርና አንድ ሰዓት ይበቃናል። ጠጠሩ በጥቂቱ እየተወዛወዘ መቶ ጊዜ ደርሶ ሲመለስ 201 ሰከንድ ያህል ከፈጀ፣ 9.77ን በገዛ እጃችን አገኘነው ማለት ነው። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሸምዳጆች ሳይሆን ከለኪዎች መካከል የሚነሣ ይመስለኛል።