ቡልቡላ ዳር የማይታየው ምክንያት

በኢ-ልቦለድ አጻጻፍ ሥልጠናዎች አንድ ትእዛዝ ሳይመረመር ይደጋገማል፦ «አሳይ እንጂ አትንገር፤ ረቂቁን ትተህ ተጨባጩን ጻፍ።» «ልማት»፣ «ፍትሕ»፣ «ድህነት» በየጋዜጣው ሰውና ቦታ አጥተው ሲንከራተቱ ላየ ሰው ትእዛዙ ትክክል ይመስላል። ግማሹ ትክክል ነው።

የቡልቡላን ወንዝ እንውሰድ። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ አብያታ ሐይቅ ይገባል። የአብያታን ዳር የጎበኘ ጸሐፊ ተጨባጭ ነገር አያጣም፦ ነጭ የሶዳ ቅርፊት፣ ውሃው ሲሸሽ ጥሎት የሄደው ጭቃ፣ በሩቅ የፍላሚንጎ መንጋ። ይህን አሳምሮ ቢጽፈው አንባቢው የሐይቁን መሸሽ ያያል፤ ለምን እንደሸሸ ግን አያውቅም። ምክንያቱ ዳሩ ላይ የለማ! ዝዋይን በሚመግቡት በመቂና በካታር ወንዞች፣ በመስኖውና በአበባ እርሻው፣ ከአብያታ ውሃ ይስብ በነበረው የሶዳ አሽ ፋብሪካ፣ በዝናቡም መለዋወጥ ተበታትኗል። አብያታ መውጫ ስለሌለው ገቢው ሲያንስ የቀረው ውሃ ጨዋማነቱ ይበረታል፣ ዓሣው ይመናመናል። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆውን ሠርቶ አብያታ ላይ ይመገብ የነበረው ፔሊካንም ምግቡን ርቆ ይፈልጋል። ይህን ሰንሰለት የሚያያይዙት «ትነት»፣ «ድርሻ»፣ «የውሃ ሚዛን» የሚባሉት ረቂቅ ቃላት ናቸው። እነሱን የፈራ ጸሐፊ ሳያስበው ጥፋቱን ሁሉ ለሰማይ ይሰጣል።

የትእዛዙ ደጋፊዎች «የረቂቅነት መሰላል»ን፣ ማለትም ከተጨባጭ ቃል ወደ ረቂቅ ቃል የሚወጡትን እርከኖች፣ ይጠቅሳሉ። መሰላሉን በ1941 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፉ ያስተዋወቀው የቋንቋ ምሁር ሃያካዋ ግን ጥሩ ጸሐፊ ይወጣል፣ ይወርዳል ነው ያለው። ከታችኛው እርከን የማይነሣውንም ነቅፎታል፤ ይህኛው ነቀፋ በሥልጠናዎቹ ብዙ ሲነሣ አልሰማሁም።

«ተጨባጩ ቢያንስ አያታልልም» የሚል መከራከሪያ ይቀራል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ሊዋጥ አይገባም። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሽቺንስኪ በ1978 (እ.ኤ.አ.) ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ባሳተመው መጽሐፍ የጃንሆይ ውሻ ሉሉ የባለሥልጣናትን ጫማ ስታረጥብ በሳቲን ጨርቅ የሚጠርግ አገልጋይ አለ። ከዚህ በላይ ተጨባጭ ምን ይገኛል? በመጽሐፉ ምስክርነት የሚሰጡት ተናጋሪዎች ግን በስማቸው መነሻ ፊደላት ብቻ የተጠቀሱ ናቸው። የታሪክ ተመራማሪው ሃሮልድ ማርከስ በ1990 (እ.ኤ.አ.) የመጽሐፉን ተአማኒነት በጽሑፍ እስኪሞግት ድረስ ብዙ የውጭ አንባቢ ታሪክ ብሎ ተቀብሎታል። ካፑሽቺንስኪ «ቤተ መንግሥቱ በውርደት የተሞላ ነበር» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ አንባቢው ማስረጃህ የት አለ ይለው ነበር፤ ሳቲኑን ሲያይ ግን መጠየቁን ተወ።